ባንኮኒው

የድሮ ሱቅ ከዕቃው ይልቅ በባንኮኒው ይታወቃል። እስከ ወገብ የሚደርስ፣ በክርን ብዛት የለሰለሰ ወፍራም እንጨት። ዕቃው ከኋላ መደርደሪያው ላይ፣ ባለሱቁ መሐል፣ ገዢው ከፊት። የፈለጉትን አንስቶ መሄድ የለም፤ በአፍ መጠየቅ ግድ ነው።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ እናቴንና ልጆቹን ይዘን ሰንዳፋ ሄድን። ከአዲስ አበባ አርባ ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው፤ ጣሊያን በወረራው ዘመን በሠራው የደሴ መንገድ ላይ ናት። ዝናቡ ሲያይል ከበረንዳ በረንዳ እየተሻገርን ሱቅ ማየት ያዝን። አንዱ በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊ ሲንጀሩን ይረግጣል፤ ውስጥ ኩራዝ፣ ልጓም፣ ሲባጎ፣ የጣሳ መስፈሪያ ተደርድሯል።

ልጄ ሰፈራችን ካለው ሱቅ የምትገዛው በብረት ፍርግርግ እጇን አሾልካ ነው። ሱፐርማርኬት ስትገባ ደግሞ ማንንም ሳታናግር ታነሳለች። እዚህ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ዝም አለች። ሽማግሌው ባለሱቅ፣ «ምን ልስጥሽ የኔ ልጅ?» አሏት። ለማየት ብቻ መግባቷን መናገር አፈረች መሰለኝ፤ ትንሽ አስባ ወደ ኩራዙ ጠቆመች። መብራት ሲጠፋ እንኳ ስልክ የምታበራ ልጅ ናት።

የባንኮኒ እንጨት ብዙ ሰው አሳድጓል። አዲስ አበባ ውስጥ የየመን አረቦች የየሰፈሩን ሱቅ በያዙበት ዘመን፣ በኋላም በጉራጌ ነጋዴዎች ቤት፣ ከገጠር የመጣ ልጅ ቀን ከባንኮኒው ጀርባ ቆሞ ይሸጣል፤ ማታ እዚያው ሱቅ ውስጥ አንጥፎ ያድራል። ሒሳብ የተማረውም፣ የሰው ፊት ማንበብ የለመደውም እዚያ ነው። ብዙዎቹ አረቦች ከ1966ቱ አብዮት በኋላ አገር ሲለቁ ሱቁ ለሌላ እጅ አለፈ።

ሆኖም ባንኮኒ ሁልጊዜ ደግ አልነበረም። በደርግ ጊዜ፣ ስኳርና ሳሙና በራሽን በሚታደልበት ወቅት፣ ከሥሩ የተደበቀውን የሚያውቀው ባለሱቁ ብቻ ነበር። «አልቋል» የተባለ ሰው ጎረቤቱ ስኳር ተሸክሞ ሲወጣ ያያል። የሚያስጠይቅ ነገር ሁሉ የሚያስለምንም ይሆናል፤ ዛሬ የድሮ ሱቅ ናፍቆን ስናወራ ይህን እንዘላለን።

እናቴ በኦሮምኛ ሰላምታ ስትጀምር ሽማግሌው ፊታቸው ፈታ አለ። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዘሩ፣ ስለ ጉልበት ሕመም ሲጫወቱ ቆዩና የኩራዙ ዋጋ ወረደ። ደስ አለን። ወዲያው ግን አንድ ሐሳብ ገባኝ፤ ከእኛ ቀጥሎ የሚመጣው፣ ጨዋታ የማያውቀው ዓይን አፋር፣ በስንት ይገዛው ይሆን?

ሽማግሌው ልጃቸው ባንኮኒውን ነቅሎ፣ በየዕቃው ላይ ዋጋ ለጥፎ፣ ሰው እየዞረ እንዲያነሳ ማድረግ እንደሚፈልግ አጫወቱን። እርሳቸው አልወደዱትም። እኔ ለእርሳቸው አዘንኩ፤ ፍርዴ ግን ለልጁ ነው። የተጻፈ ዋጋ ለተግባቢውም ለዓይን አፋሩም እኩል ነው።

መኪና ውስጥ ይህን ስናገር እናቴ አልተዋጠላትም። «ዋጋው ተጽፎ ከጠበቀኝ» አለች፣ «ስለ ጉልበታቸው መቼ ልጠይቃቸው ነው?»