የወደቀን ቡችላ ስለ ማንሣት

በመንገድ ዳር ወይም በቦይ ውስጥ የተጣለ ቡችላ አንድ ክርስቲያን አንሥቶ ወደ ቤቱ ቢወስድ፣ «ሰው በቤተ ክርስቲያን ደጅ እየተራበ ለውሻ እንጀራ መቍረስ ጽድቅ ነውን?» የሚል ጥያቄ ከጎረቤቱም ከገዛ ሕሊናውም ይነሣበታል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ድኻውን አልፎ ለውሻ የሚራራ ልብ ሚዛኑ የተዛባ ነውና። ነገር ግን ጠያቂው ለውሻው የነፈገውን ቍራሽ ለድኻው ሰጥቶት እንደ ሆነ ራሱን ይመርምር። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ሳያገኙ ይቀራሉ።

ውሻ ርኩስ ነው የሚሉም አሉ። ወደ ቤተ መቅደስ እንዳይገባ መከልከሉ ስለ ቦታው ቅድስና የተሠራ ሥርዐት ነው፤ በድንጋይ ይወገር፣ በረኃብ ይሙት የሚል ፍርድ ግን ከዚህ አይወጣም። በመጽሐፈ ጦቢት እንደ ተጻፈው ጦብያ ከመልአኩ ከቅዱስ ሩፋኤል ጋራ በተጓዘ ጊዜ ውሻው ተከትሎ ሄዷል፤ መልአኩ አባረረው የሚል ቃልም አናገኝም። በትንቢተ ዮናስ ፍጻሜ ደግሞ እግዚአብሔር ለነነዌ ስለ መራራቱ ሲናገር ከሕዝቡ ጋራ እንስሳቱን ጭምር ጠቅሷል።

ዋናው ፈተና ከዚህ በኋላ ነው። ቡችላን የሚያነሣ ሰው ብዙ ጊዜ የሚማረከው በጨዋታው ነው። የነጠላ ጫፍ ይዞ ሲጎትት፣ ጫማ ነጥቆ ሲሮጥ ልጆች ይሥቃሉ፤ አባትም ይሥቃል። ደስታው ነቀፋ የለበትም፤ ይሁን እንጂ ይህን ደስታ ምሕረት ብለን ብንጠራው ራሳችንን እናታልላለን። ቡችላ ከ4 ወር ገደማ ጀምሮ የወተት ጥርሱን ሲለውጥ ያገኘውን ሁሉ ያኝካል። ከወንድሞቹ ጋራ ቢያድግ ኖሮ አጥብቆ በነከሳቸው ጊዜ እየጮኹ ጨዋታውን በመተው ልኩን ያሳዩት ነበር፤ ያለ ጊዜው ከእነርሱ የተለየው ግን ይህን ከሰው እጅ ሊማር ይገባዋል። የሚማረውም በዱላ ሳይሆን እጅን ሰብስቦ ጨዋታውን በማቋረጥ፣ በእጅም ፈንታ የሚያኝከው ነገር በመስጠት፣ ይህንኑ ሳይሰለቹ በመደጋገም ነው። ትዕግሥት ያጣ ቤት ግን በመንፈቅ ውስጥ ይሰለቸዋል። ያን ጊዜ ውሻው በአጭር ገመድ ከአጥር ሥር ይታሰራል፤ አለዚያም በጆንያ ተደርጎ በሩቅ ሰፈር ይጣላል። ውሻ 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊኖር ይችላልና፣ የ6 ወር ሣቅ ፈልጎ ያነሣው ሰው ከመጀመሪያው ባያነሣው ይሻል ነበር ቢባል ሐሰት አይሆንም። አስቀድሞ አንድ ጊዜ ወድቆ ነበር፤ አሁን ሁለተኛ ወደቀ፣ ያውም ሰውን ማመን ከተማረ በኋላ።

ለጎረቤትም ዕዳ አለብን። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ከሞት የሚያድን መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል፤ አስቀድሞ መከላከል ግን ይቻላል። ሉዊ ፓስተር የዚህን በሽታ ክትባት ለሰው የሰጠው በ1877 ዓ.ም. ነበር። ስለዚህ ቡችላው 3 ወር ገደማ ሲሆነው ማስከተብ፣ ክትባቱንም የእንስሳት ሐኪም በሚያዝዘው ጊዜ ማሳደስ ከምጽዋቱ የማይለይ ግዴታ ነው። ሰው የተነከሰ እንደ ሆነ ቍስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ዐጥቦ ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል። ጸሎቱም ጠበሉም ይህን አይከለክሉም።

በመጨረሻ፣ «ውሻውስ ይጹምን?» ብለው በቅንነት የሚጠይቁ አሉ። የነነዌ ንጉሥ እንስሳቱም እንዳይቀምሱ ማወጁ እውነት ነው፤ ያ ግን የጭንቅ ቀን ዐዋጅ ነበር። እኛ የነነዌን ጾም 3 ቀን፣ ዐቢይ ጾምን 55 ቀን እንጾማለን፤ በማደግ ላይ ላለ ቡችላ በዚህ ሁሉ ቀን ደረቅ እንጀራ ብቻውን አይበቃውም። የቤቱ ሰው ሳይቀምስ ዕንቍላል ቀቅሎ ቢሰጠው ጾሙ አይሻርም። በፋሲካ ዕለትም ከወጥ የወጣውን የዶሮ አጥንት አይወርውርለት፤ የበሰለ አጥንት ተሰንጥቆ ጕሮሮውንና አንጀቱን ይወጋዋልና።