ካባው ለማን ይገባል?

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። እኛ የሳሪስ ሰዎች የእድራችንን የምሥረታ በዓል ልናከብር ሽር ጉድ እንላለን። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድምፅ ማጉያው ሁሉ ተሰናድቶ አንድ ነገር ብቻ ቀረ። “ለሰፈራችን ባለውለታ” ተብሎ የተገዛውን ካባ ማን ይልበሰው? ኮሚቴው ሰባት ሰው ነው፤ እኔም አንዱ ነኝ። ሁለት ስም ቀረበ። አንደኛው እዚሁ ሰፈር የጨርቅ ኳስ ሲያባርር ያደገ፣ ዛሬ ስሙን ያልሰማ የሌለ ድምፃዊ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከእኔ ጋር አጥር የሚጋሩ ጡረተኛ ድሬሰር ናቸው። (ወጣት አንባቢዬ፣ ድሬሰር ማለት በዱሮው ጊዜ ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ፣ ሐኪም በሌለበት ሐኪም የሚሆን የጤና ሠራተኛ ነው።)

ክርክሩ ብዙም አልቆየ። “ኧረ ተዉ እንጂ! ለጋሼ ካባ ብናለብስ ማን ይመጣል? የራሳቸው ልጆች እንኳ ሥራ አለን ብለው ይቀራሉ” አለ አንዱ። ሳቅን። “ዘፋኙ ከመጣ ወጣቱ ይመጣል፣ ስፖንሰር ይገኛል። ማን ያውቃል፣ ለአዳራሻችን ማሠሪያም ቃል ይገባልን ይሆናል” አለ ሌላው። እጅ ወጣ። ዘፋኙ አምስት ለሁለት አሸነፈ። ከአምስቱ እጆች አንዷ የኔ ነበረች። ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም ስለዚያች እጅ ነው።

በዓሉ አማረ። ድምፃዊው ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ይምጣ እንጂ ትሁት ልጅ ነው። የሽማግሌዎቹን ጉልበት ስሞ፣ እናቶችን አቅፎ፣ ካባውን ደርቦ ሲዘፍን ድንኳኑ ተናጋ። ጋሼ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው ያጨበጭባሉ፤ ያውም ከልባቸው። ማታ አብረን ወደ ቤት ስናዘግም ሕሊናዬ ቆረቆረኝና፣ ለማን እጄን እንዳወጣሁ ሳልናገር፣ “ጋሼ፣ ካባው እኮ ለእርስዎ ነበር የሚገባው” አልኳቸው።

“ተው አንተ! እኔ ደመወዜን በልቻለሁ” አሉኝ። ትንሽ ራመድ ብለን ደግሞ፣ “ዘፋኝን አትናቅ ልጄ። እኛ ባሌ ቆላ ወርደን ፈንጣጣ ስንከትብ በምን የሄድን ይመስልሃል? በእግርና በጥላሁን ነው። ከመካከላችን አንዱ ትንሽ ሬዲዮ ነበረችው። ባትሪዋ ሲያልቅ እኛም እናልቅ ነበር።”

ሃያ ዓመት አጥር ስንጋራ ጋሼ ፈንጣጣ ላይ እንደሠሩ አላውቅም ነበር። ለካስ ኮሚቴው ውስጥ ተቀምጬ የመረጥኩት በአንድ በማውቀውና በአንድ በማላውቀው ሰው መካከል ኖሯል። ያላዩት አገር አይናፍቅም!

እንግዲህ ጥያቄውን ከሰፈራችን እናውጣውና አገር እናድርገው። የአገር ክብር፣ የአገር ሽልማት ይበልጥ የሚገባው ለማን ነው? ለዝነኛው ወይስ ለሕዝብ አገልጋዩ?

ለዝነኛው የሚባለው ብዙ ነው፤ ውሸትም አይደለም። አበበ ቢቂላ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ ስንዴ አላመጣልንም፣ መንገድም አልሠራልንም። ግን ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያዊ ነኝ ብሎ የውጭ አገር በር ያንኳኳ ሰው ሁሉ የአበበን ትርፍ በልቷል። ጥላሁን ገሠሠ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ሲያርፍ አገር ያለቀሰው ያለ ምክንያት አልነበረም። ሰው ያገባበትን፣ የተለያየበትን፣ የተሰደደበትን ቀን የሚያስታውሰው በእሱ ድምፅ ነበራ! ጋሼስ ያሉኝ ይህንኑ አይደል?

ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። አበበ የክብር ዘበኛ ወታደር ነበር። ጥላሁንም በዚያው በክብር ዘበኛ የሙዚቃ ክፍል ያዜም ነበር። ሁለቱም ደመወዝተኞች ነበሩ ማለት ነው። ደግሞም አጠራራችንን ተመልከቱ። ሻምበል አበበ፣ ሻምበል ማሞ፣ ሻምበል ምሩፅ፣ ሻለቃ ኃይሌ፣ ኮሎኔል ደራርቱ እንላለን። አገራችን ሯጮቿን ልታከብር ስትነሣ ክብሩን ያወጣችው ከአገልጋይ ሣጥን ነው። “ሮጠህ አስደሰትከን” ከማለት ይልቅ “አገልግለኸናል” ብላ ማዕረግ ሰጠች። ስለዚህ የክብር ሚዛኑ ድሮውንም አገልግሎት ነበር። ታዲያ አገልግሎት ሚዛን ከሆነ፣ ሲያገለግል ካሜራ ያላየው ሰው ለምን ይቀልብናል?

ወደ ጋሼ ፈንጣጣ ልመለስ። ዘመቻው በአገራችን የተጀመረው በ1963 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። ያኔ በመላው ዓለም ከተመዘገበው ግማሽ ያህሉ የኛ ነበር። ዘማቾቹ ድሬሰሮች፣ ሳኒታሪያኖች፣ ለዚሁ የሠለጠኑ ወጣቶች ነበሩ፤ የውጭ አገር በጎ ፈቃደኞችም አብረዋቸው ነበሩ። የፈንጣጣ በሽተኛ ሕፃን ሥዕል ያለበት ካርድ ይዘው በየገበያው፣ በየትምህርት ቤቱ “እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?” እያሉ ይጠይቃሉ። አየሁ የሚል ከተገኘ ተራራም ይሁን በረሃ ይሄዳሉ። ክትባቱ ጫፏ ሁለት በሆነች መርፌ ክንድን ደጋግሞ ጠቅ ጠቅ ማድረግ ነው። ያባረራቸው፣ የደበቃቸው፣ ያገታቸውም ነበር። ሥራቸውን ሲያስረዱኝ ጋሼ “መርፌው ቀላል ነው። ከባዱ ‘ልጅህን አሳየኝ’ ማለት ነው” ብለውኛል።

አሁን ክረምት 1968 ዓ.ም.ን አስቡ። ሞንትሪያል ላይ ኦሊምፒክ አለ። የኒውዚላንድ ራግቢ ቡድን ዘረኛዋን ደቡብ አፍሪካ ሄዶ በመጋጠሙ የአፍሪካ አገሮች ውድድሩን ረግጠው ወጡ፤ ኢትዮጵያም አንዷ ነበረች። ምሩፅ ይፍጠር ሳይሮጥ ቀረ። ይህን ቁጭት ዛሬም ድረስ እናወራዋለን። ደግሞም እውነተኛ ቁጭት ነው፤ ምሩፅ አራት ዓመት ቆይቶ ሞስኮ ላይ በሁለት ወርቅ ነው የካሰን። ሞንትሪያል ላይ ውድድሩ በተዘጋ በቀናት ውስጥ፣ በነሐሴ መጀመሪያ፣ በባሌ ክፍለ ሀገር ቆላ አንዲት መንደር ውስጥ የኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕሙም ተገኘ። ከዚያ ወዲህ የለም። ስንት መቶ ዓመት ፊታችንን ሲያዥጎረጉር፣ ዓይናችንን ሲያጠፋ፣ ልጆቻችንን ሲቀብር የኖረ በሽታ አለቀ። በዚያ ክረምት ያልሮጠውን ሯጭ ስም ሁላችንም እናውቃለን። የሮጡትን ከታቢዎችስ? እስቲ አንድ ስም ጥሩልኝ።

ከሃምሳ ዓመት በላይ የሆናችሁ አንባቢዎቼ ክንዳችሁን እዩት። ብዙዎቻችሁ ጠባሳው አለ። ማን ወጋችሁ?

ይህን ሳነሣ የሚመጡብኝን ክርክሮች አውቃቸዋለሁ። የመጀመሪያው ራሳቸው ጋሼ ያሉት ነው፤ “ደመወዝ ተከፍሎታል።” ታዲያ ዘፋኙስ በነፃ ዘፈነ? ሯጩስ ሽልማቱን መለሰ? ደመወዝ የሰዓት ዋጋ ነው። በረሃ ለበረሃ “ልጅህን አሳየኝ” እያሉ መለመን በደመወዝ መደብ ላይ የለም።

ሁለተኛው የሚያስቅም የሚያስለቅስም ነው። “የመንግሥት ሠራተኛ የምትለው ያንን ‘ሲስተም የለም፣ ኃላፊው ስብሰባ ናቸው፣ ነገ ተመለስ’ የሚለኝን ነው?” ትሉኝ ይሆናል። እኔንም ብሎኛል፤ አልከራከራችሁም። ነገር ግን አምስት ሰው “ነገ ተመለስ” በሚልበት ቢሮ ውስጥ ስድስተኛዋ “አረፍ ይበሉ፣ አሁን እጨርስልዎታለሁ” ስትል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? ያቺ ሴት ከአምስቱ ጋር እኩል ደመወዝ ትወስዳለች፣ እኩል ዕድገት ታገኛለች። እንዲያውም “ምን ያንቀዠቅዣታል!” ትባላለች። እሷን ካላከበርን በዓመቱ ሰባተኛዋ ሳትተካ ስድስተኛዋም ነገ ተመለስ ማለት ትጀምራለች።

ሦስተኛው ክርክር ግን ከበድ ይላል። “አገልጋይ ይሸለም ስትል ባለሥልጣን ይሸለማል።” እውነት ነው። በንጉሡ ዘመን ኒሻን በአብዛኛው ሥልጣንን ተከትሎ ነበር የሚሄደው። በየመሥሪያ ቤቱም “ኮከብ ሠራተኛ” የሚባል ነገር አለ፤ አመራረጡን የምታውቁ ታውቃላችሁ። እኔ ራሴ አንድ የምስክር ወረቀት ግድግዳዬ ላይ አለኝ። ምን ሠርቼ መሰላችሁ? ተራዬ ደርሶ!

ይህ ጣጣ የኛ ብቻ አይደለም። እንግሊዞች በዓመት ሁለት ጊዜ የክብር ስም ዝርዝር ያወጣሉ። በ1965 እ.ኤ.አ. ቢትልስ የሚባሉት ዘፋኞች ሲሸለሙ፣ ቀድመው የተሸለሙ አንዳንድ ሰዎች ተቆጥተው ሜዳሊያቸውን መልሰዋል። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ ከዘፋኞቹ አንዱ፣ ጆን ሌነን፣ የራሱን መለሰ። አንድ ሜዳሊያ ሁሉንም ዓይነት ውለታ ልለካ ሲል ሁሉንም እንደሚያስቀይም ከዚህ ይታያል።

መድኃኒቱ ሽልማቱን መተው አይመስለኝም። ጠቋሚውን መለወጥ ነው። አለቃ የበታቹን ሲጠቁም ተራ ይሆናል፤ ተገልጋይ ሲጠቁም ግን ምስክርነት ይሆናል። በ2005 ዓ.ም. የተጀመረው የበጎ ሰው ሽልማት ከሕዝብ ጥቆማ እየተቀበለ መንግሥታዊ ኃላፊነትን በብቃት ለተወጡ ሰዎች አንድ ዘርፍ ከፍቷል። በዜጎች ተነሣሽነት የተጀመረ ነገር ይህን ካሰበ፣ አገር እንደ አገር ማሰብ አያቅታትም።

ደግሞስ ሕዝቡ አገልጋይን መውደድ አያውቅም ያለው ማነው? ኢንጂነር ስመኘው በቀለ ደመወዝተኛ መሐንዲስ ነበር። ጊቤ ላይ ሲሠራ ስንቶቻችን እናውቀው ነበር? ሕዳሴው ግድብ ላይ ሄዶ በቴሌቪዥን መስኮት አየነው፤ ስላየነው ወደድነው። ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ ላይ ሞቶ ሲገኝ የሆነውን ለቅሶ ታስታውሳላችሁ፤ ለዘፋኝም ለሯጭም ከሚለቀሰው የሚያንስ አልነበረም። ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ሲመረቅም ስሙን ያላነሣ አልነበረም። ጉድለታችን የፍቅር አይደለም፣ የማየት ነው። ስመኘውን ያየንበት መስኮት ለድሬሰሩ፣ ለመምህሯ፣ ሌሊት ምሰሶ ላይ ለሚወጣው የመብራት ኃይል ሠራተኛ አልተከፈተም።

እንግዲህ የኔ መልስ ይኸው ነው። ፍቅር ለሁለቱም ይገባል፤ ጭብጨባም እንደ ሥራቸው። የአገር ክብር ግን እንደ ፋኖስ ነው፤ ፀሐይ ላይ አይለኮስም። ዝነኛው ፀሐይ ላይ ቆሟል። ሕዝቡ ሰርክ እያጨበጨበለት ነው፤ እኛ የምንጨምርለት ካባ ያው ሌላ ካባ ነው። አገልጋዩ ግን አገር “አይቼሃለሁ” ካላለችው የሚያየው የለም፣ ሥራው ሲሳካ ምንም ነገር አይከሰትምና። ያልታመመ ልጅ፣ ያልተናደ ድልድይ፣ ያልጠፋ ፋይል ዜና አይሆንም። ልጆቻችን ደግሞ ምን ሆነው ማደግ እንዳለባቸው የሚማሩት ማንን ስናከብር እንዳዩን ቆጥረው ነው።

የምንኖርበት ክፍለ ከተማ ንፋስ ስልክ ላፍቶ ይባላል። ንፋስ ስልክ የተባለው ያለ ሽቦ፣ በነፋስ መልእክት ከሚልከው የዱሮ ጣቢያ ተነሥቶ ነው። ሰፈሩ በሥራ ስም ተጠርቷል። ሌሊቱን ተቀምጠው ያንን መልእክት ሲልኩና ሲቀበሉ ያደሩት ሰዎች ስም ግን በየትኛውም አደባባይ የለም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ የሚጽፈው ሲገኝ ነው።

በዓመቱ በእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ እጄን አወጣሁ። ባለፈው ለማን ድምፅ እንደሰጠሁም ጋሼ ፊት ተናዘዝኩ። ጋሼ ሳቁ። ካባውን ግን እምቢ አሉ። “ለብቻዬ አልለብስም። አብረውኝ የነበሩትን ስማቸውን ጽፋችሁ የምታነቡ ከሆነ እሺ” አሉ። ብዕር አወጣሁ። ዘጠኝ ስም ከነአባት አስጻፉኝ። አሥረኛው ላይ ቆሙ። “ያ ረጅሙ… የሬዲዮዋ ባለቤት… ኤዲያ፣ ጠፋኝ” ብለው ግንባራቸውን ያዙ። ዘጠኙን ይዤ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። የሰው ሞት መስሎኝ ደንግጬ አነሣሁት።

“መጣልኝ” አሉ ጋሼ። “ጻፍ።”