የታሸገ አደራ፦ ለሌላ ሰው መድኃኒት ይዞ ስለመብረር

በአውሮፕላን የሚጓዝ ሰው ሻንጣ ውስጥ ብዙ ጊዜ የራሱ ያልሆነ ዕቃ ይገኛል። ከዋሽንግተን ወይም ከዱባይ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ኢትዮጵያዊ ለጎረቤት እናት የደም ግፊት ክኒን፣ ለጓደኛው አባት ኢንሱሊን ይዞ ይመጣል። ከአዲስ አበባ የሚነሣውም ከበርበሬውና ከሽሮው ጋር «ለልጄ አድርስልኝ» ተብሎ የተሰጠውን ጥቅል ይዞ ይሄዳል። ከዚህ ልማድ ውስጥ አንድ የቆየ የሥነ ምግባር ጥያቄ ይነሣል፤ አደራ የተቀበለ ሰው የተሰጠውን ከፍቶ ማየት ይገባዋል ወይስ መክፈቱ ራሱ አደራን ማፍረስ ነው?

በነባሩ አስተሳሰብ የአደራ ክብር ባለመንካት ላይ የቆመ ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 22 እንደተደነገገው፣ ለጥበቃ የተሰጠ ዕቃ ከተቀባዩ ቤት ቢሰረቅና ሌባው ባይገኝ፣ ተቀባዩ እጁን በባልንጀራው ንብረት ላይ አለማሳረፉ በፈጣሪ ፊት ይጣራል። ቁርኣንም በአን-ኒሳእ ምዕራፍ አማናን (አደራን) ለባለቤቱ መመለስን ያዛል። የፊቅህ (የእስልምና ሕግ) ሊቃውንት ደግሞ ጥፋት ወይም ቸልተኝነት እስካልተገኘበት ድረስ አደራ ተቀባይ ለጠፋው ዕቃ ዕዳ የለበትም ይላሉ። በአማርኛ ተናጋሪው ዘንድ «አደራ በላ» ተብሎ ከመጠራት የከፋ ስድብ ጥቂት ነው። በእነዚህ ድንጋጌዎች ሁሉ የሚታየው ግንኙነት ግን በሰጪና በተቀባይ መካከል ያለ ነው፤ አደጋ ቢደርስም የሚጎዳው የባለቤቱ ንብረት ነው።

አውሮፕላን ሌሎች ሰዎችን ወደ ጉዳዩ ያስገባል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 17 ቀን 1986 አንዲት ነፍሰ ጡር አየርላንዳዊት ለንደን ሄትሮው ኤርፖርት ደርሳ በኤል አል አውሮፕላን ወደ ቴል አቪቭ ልትበር ነበር። ሻንጣውን የሰጣት ሊያገባት ቃል የገባላት፣ የጽንሱም አባት የሆነ ሰው ነው። ሻንጣው ድርብ ወለል ነበረው፤ ከሥሩ ፈንጂ ተደብቋል። የኤርፖርቱን ፍተሻ ካለፈች በኋላ የአየር መንገዱ የጥበቃ ሠራተኞች በጥያቄና በምርመራ ደረሱበት። በዚያ በረራ ከ300 በላይ ሰዎች ሊሳፈሩ ነበር። ሰውየው በዚያው ዓመት 45 ዓመት እስራት ሲፈረድበት፣ እርሷ ግን ምንም እንደማታውቅ ተረጋገጠ። ወንጀሉን እንዲቻል ያደረገው የእርሷ ክፋት አልነበረም። ሰውን ማመኗ፣ በሌላ ቦታ የሚያስመሰግናት ጠባይ፣ ለወንጀለኛው መሣሪያ ሆነ። ስለ አደራ የሚያስብ ሰው ይህን ታሪክ በዝምታ ሊያልፈው አይችልም።

«አላውቅም ነበር» የሚለው መልስ መቼ እንደሚያድን የሥነ መለኮት ሊቃውንት በጥንቃቄ መርምረውታል። ቶማስ አኩዊናስ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንዳስረዳው፣ ሰው በጥረት ሊያስወግደው የማይችለው አለማወቅ በደል አይሆንበትም፤ ሊያውቀው የሚገባውን፣ ቢጠይቅም ሊያውቀው የሚችለውን በቸልታ ከተወው ግን አለማወቁ ራሱ በደል ነው። ድርብ ወለል ያለውን ሻንጣ የተሸከመችው ሴት ከመጀመሪያው ወገን ናት። የታሸገ ጥቅል ተቀብሎ ምን እንዳለበት ሳይጠይቅ የሚሄድ መንገደኛ ከሁለተኛው ይመደባል። አንዳንድ አገሮች ደግሞ ከዚህም በላይ ያጠብቃሉ። በሲንጋፖር ሕግ በያዘው ዕቃ ውስጥ አደንዛዥ ዕፅ የተገኘበት ሰው እንደሚያውቅ ይገመታል፤ አለማወቁን የማስረዳት ሸክም በራሱ ላይ ይወድቃል።

በመድኃኒት ላይ ነገሩ ይበልጥ ይወሳሰባል፤ የያዙትን ማወቅ ብቻውን አይበቃምና። በአንዱ አገር ሐኪም የሚያዝዘው የሕመም ማስታገሻ በሌላው አገር ወንጀል ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2017 አንዲት እንግሊዛዊት ለጀርባ ሕመምተኛ ወዳጇ ትራማዶል የተባለ የሕመም ማስታገሻ 290 ክኒን ይዛ ግብፅ ስትገባ ተይዛ ሦስት ዓመት ተፈረደባት። ጫትም በኢትዮጵያ በይፋ የሚሸጥ ሲሆን በሳዑዲ ዓረቢያና በአሜሪካ የተከለከለ ነው፤ ብሪታንያም እ.ኤ.አ. በ2014 አግዳዋለች። ስለ አእምሮና ስሜት ለዋጭ መድኃኒቶች እ.ኤ.አ. በ1971 የወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት አገሮች መንገደኛው ለራሱ መጠቀሚያ የሚሆን ጥቂት መጠን እንዲይዝ እንዲፈቅዱ መንገድ ይከፍታል። ለሌላ ሰው የሚወሰድ ግን «ለራሱ» በሚለው ውስጥ አይገባም። ደግ ሥራ የሚሠራው ሰው፣ ሕጉ ለሕመምተኛው ከሚሰጠው ከለላ ውጭ ሆኖ ይጓዛል ማለት ነው።

ከዚህ ተነሥቶ ምንም አለመቀበል ይሻላል የሚል ይኖራል። ይህ መልስ ግን ንጹሕ አይደለም። በኢትዮጵያ መጽሐፍ ቅዱስ ከሚቆጠሩት አንዱ የሆነው መጽሐፈ ሲራክ መድኃኒትን ከምድር ያወጣው ፈጣሪ እንደሆነ፣ አስተዋይ ሰውም እንደማይንቀው ያስተምራል። መድኃኒቱ በአገር ውስጥ ሲጠፋ ወይም ዋጋው ከአቅም በላይ ሲሆን፣ በመንገደኛው እምቢታ የሚጎዳው ሕመምተኛው ነው። ራስን ከሥጋት ማዳን ተገቢ ቢሆንም፣ ሳይጠይቁ መከልከልም ሳይጠይቁ እንደመቀበል ያለ ስንፍና ነው።

የሚሻለው መንገድ ማወቅን የአደራው አካል ማድረግ ነው። ለዚህም ከደህንነት ሥጋት ሌላ ምክንያት አለ፤ መድኃኒትን ሳያውቁት መጠበቅ አይቻልም። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ ይኖርበታል፤ አንዴ በረዶ ከሠራ ይበላሻል። ስለዚህ በጭነት ክፍል ሳይሆን በእጅ ሻንጣ ነው የሚያዘው። በብዙ ኤርፖርቶች በእጅ ሻንጣ የሚገባ ፈሳሽ በየዕቃው ከ100 ሚሊ ሊትር እንዳይበልጥ የሚያዝዘው፣ እ.ኤ.አ. በ2006 በብሪታንያ ከከሸፈው አውሮፕላኖችን በፈሳሽ ፈንጂ የማፈንዳት ሴራ በኋላ የተስፋፋው ደንብም ለጉዞው የሚያስፈልግ መድኃኒትን አይጨምርም፤ ነገር ግን መንገደኛው ምን እንደሆነ ለፈታሹ መናገር አለበት። ጥቅሉን በአክብሮት ሳይከፍት ሻንጣው ሥር የቀበረ ሰው፣ የታመነበትን ነገር በገዛ አክብሮቱ ሊያበላሸው ይችላል።

ጥያቄውን ማንሣት በተለይ ለታላቅ ሰው ሲሆን ይከብዳል። «እማማ፣ አብረን አይተን እናሽገው» ማለት ግን ጥርጣሬ አይደለም፤ ዕቃውን እንደራስ ዕቃ መያዝ ነው። ሸክሙም የተቀባዩ ብቻ ሊሆን አይገባም። ሰጪው መድኃኒቱን በፋብሪካው ማሸጊያ፣ ከሐኪም ማዘዣው ቅጂ ጋር ማቅረብ፣ በሚደርስበት አገር መፈቀዱንም አስቀድሞ ማጣራት አለበት። ልዩ ልዩ ክኒን በአንድ ፌስታል ቀላቅሎ «ቫይታሚን ነው» የሚል ሰጪ አደራ እየሰጠ አይደለም፤ በሰው ላይ አደጋ እየጫነ ነው።

የመክፈቱ ዋጋ በሕመምተኛው ላይም ይወድቃል። የኤችአይቪ ወይም የአእምሮ ሕመም መድኃኒት ያየ መንገደኛ፣ ባለቤቱ ለቅርብ ዘመዱ እንኳ ያልነገረውን ያውቃል። አንዳንዱ ጥቅል የሚታሸገውም ስለዚህ ነው፤ ይህ ፍላጎት ክብር ይገባዋል። ሆኖም የሕመምተኛው ምሥጢር የተሸካሚውን የማወቅ መብት አያስቀርም። ሁለቱን የሚያስታርቀው የሕመምተኛው ፈቃድ ነው፤ ሰጪው መድኃኒቱን ከማስረከቡ በፊት ማን እንደሚይዘው፣ ያም ሰው ምን እንደሚያውቅ ለሕመምተኛው ነግሮ እሺታውን ማግኘት ይኖርበታል። የተቀበለውም የሕመምተኛውን ስምና ሕመም ለፈታሽ ከሚያስፈልገው በላይ ለማንም አይናገርም። ሕመምተኛው ካልፈቀደ ያ መንገደኛ መድኃኒቱን አይይዝም፤ ሰጪውም ሕመምተኛው የሚያምነውን ሌላ ተጓዥ ይፈልጋል።