ከታናሹ ጀምሮ ይጠየቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በእንግሊዝና በአሜሪካ በከባድ ወንጀል የተከሰሰ ሰው ሲካድ፣ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን የሚለዩት ብዙውን ጊዜ ከሕዝቡ መካከል የተጠሩ 12 ሰዎች ናቸው። ምስክሩን ሰምተው ሲያበቁ በር ተዘግቶባቸው ይመክራሉ። በአሜሪካ ከ12ቱ አንዱ እንኳ «አላመንኩም» ካለ ጥፋተኛ ማለት እንዳይቻል የበላዩ ፍርድ ቤት በ2012 ዓ.ም. ወስኗል። የዚያን አገር ዜግነት የያዙ ወገኖቻችንም ለዚሁ ይጠራሉ። እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ ከ12ቱ አንዱ እኛ ብንሆን 11ዱን ፊት ለፊት ተመልክተን «አላመንኩም» ለማለት እንደፍር ይሆን?

በአገራችን በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ፍርዱን ለዳኞች ሰጥቷል። ሆኖም ሕዝብ ተሰብስቦ ጥፋተኛን መፈለጉ ለአባቶቻችን እንግዳ አልነበረም፤ አውጫጭኝ ወይም አፈርሳታ ይሉት ነበር። ከብት ተሰርቆ ወይም ቤት ተቃጥሎ አድራጊው ሲጠፋ የአገሩ ሰው በአንድ ሜዳ ይጠራል፤ የቀረ ይቀጣል። ሽማግሌዎች ተመርጠው እያንዳንዱ ያየውን፣ የሰማውንና የጠረጠረውን በመሐላ ይናገራል። ስሙ እንዳይወጣበት የሚፈራ ደግሞ በምስጢር ይናገርና ወሬው «ከወፍ የተሰማ» ይባላል። ጥፋተኛው ካልተገኘ አገሩ አዋጥቶ ለተበደለው ይከፍላል።

ብልሃቱ ትልቅ ነው፤ አደጋውም እዚያው ውስጥ አለ። ራብ ሲጠና፣ እርሻው ሲታሰብ፣ መዋጮውም ሲፈራ የአንድ ሰው ስም ቢወጣ ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል። ታዲያ የማን ስም ይቀላል? ዘመድ የሌለው፣ መጤው፣ ሸክላ ሠሪዋ ወይም ቀጥቃጩ አይደለምን? በተዘጋው ክፍል ያሉት 12ቱም ቢሆኑ ወደ ቤታቸው መሄድ ያምራቸዋል። በገበያችን «ሌባ! ያዘው!» የሚል ጩኸት ሲነሣ እንኳ ስንቶቻችን ሳናይ እንሮጣለን።

በነገሥታቱ ችሎት ግን ደንቡ ሌላ ነበር። ፍርድ ሲሰጥ መጀመሪያ የሚጠየቀው በማዕረግ ዝቅ ያለው ነው፤ ከዚያ ወደ ላይ እየተወጣ ንጉሡ በመጨረሻ ይናገራሉ። ንጉሡ ቀድመው ቢፈርዱ ከእሳቸው በታች ያለ ማን ይቃወማል? እኛ ግን በየስብሰባችን ትልቁ ይቀድምና ሌላው «እኔም እንደ እሳቸው» ይላል።

ወጣት ከሽማግሌ ፊት ቀድሞ ቢናገር ክብር ይነካል ያሉን አሉ። እኛ በዚህ አንስማማም፤ ንጉሥ መጨረሻ በመናገራቸው ክብራቸው መቼ ጎደለ? የሶስናንም ታሪክ እንይ። ጉባኤው የሞት ፍርድ የፈረደባት ከሳሾቿ ሽማግሌዎችና ዳኞች ስለ ነበሩ ነው። ወጣቱ ዳንኤል ጮኾ ብቻ አልተቀመጠም፤ ሁለቱን ለያይቶ «ከየትኛው ዛፍ ሥር አየሃት?» ብሎ ጠየቀ። መልሳቸው ተለያየ። ብቻውን የቆመ ሰው ግዴታው ማጣራት እንጂ መገገም አይደለም።

እውነት ነው፣ በአንድ ግትር ሰው ምክንያት እውነተኛው ሌባ ሊያመልጥ ይችላል። አንድ በሬዋ የተሰረቀባትን ባልቴት ምን ብለን እናጽናናለን? በዚህ ላይ እርስ በርሳችን ብዙ ተከራክረን አልተስማማንም። ቢሆንም በሬ በመዋጮ ሊተካ ይችላል፤ ያለ ጥፋቱ ሌባ የተባለን ሰው ስም በምን እንተካዋለን? በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው እስኪፈረድበት ድረስ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር ያዛል።

ስለዚህ በሰንበት ትምህርት ቤታችን አባል ላይ ክስ ሲቀርብ ተከሳሹ ፊት ለፊት እንዲሰማ፣ ሐሳብም ከታናሹ ጀምሮ እንዲጠየቅ ለጉባኤው አሳስበናል። ከመካከላችን የተቃወሙ ስላሉ እነሱም በሚቀጥለው እትም ይጻፉ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።