ከአንድ ጣሪያ ሥር ያሉ ሁለት እንግዶች

በታይላንድ አገር ነጭ የውጭ አገር ሰው «ፋራንግ» ይባላል። ቃሉ ለእኛ ጆሮ ባዕድ አይደለም፤ የ«ፈረንጅ» ዘመድ ነው። ሁለቱም ከጥንቱ የፍራንክ ሕዝብ ስም ተነሥተው በሌሎች ቋንቋዎች በኩል አልፈው የመጡ ናቸው። ይሁን እንጂ ከጎረቤት አገር ከምያንማር (በቀድሞ ስሟ ከበርማ) ለሥራ የመጣ ሰው፣ ምንም እንኳ እርሱም የውጭ አገር ሰው ቢሆን፣ «ፋራንግ» አይባልም። አንዱ የውጭ አገር ባለሙያ ተብሎ ይከበራል፤ ሌላው የጉልበት ሠራተኛ ተብሎ ይታለፋል። ታዲያ ሁለቱም እንግዶች ከሆኑ አንዱን አክብረን ሌላውን የምንንቀው በምን ሚዛን ነው?

ጥያቄውን ለመመርመር በባንኮክ ከተማ፣ በሱኩምቪት መንገድ አካባቢ የሚኖር አንድ የውጭ አገር ቤተሰብ በዓይነ ኅሊናችን እንመልከት። አባት መሐንዲስ ነው፤ እናት የሥራ ፈቃድ ስለሌላት ቤት ትውላለች፤ ልጆቹ በዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት ይማራሉ። ኑሮአቸው ከሩቅ ሲያዩት የተመቸ ቢመስልም የራሱ ሸክም አለው። በአገሩ ሕግ መሠረት ለጊዜው የገባ የውጭ አገር ሰው ከ90 ቀን በላይ ሲቆይ አድራሻውን በየ90 ቀኑ ለኢሚግሬሽን ማስታወቅ አለበት። መሬትም በስሙ መግዛት በጠቅላላው አይፈቀድለትም። ስለዚህ ቤተሰቡ እንግዳ መሆኑን አይረሳም፤ የእንግዳ ወጉንም ይማራል። ደጃፍ ላይ ጫማ ያወልቃል። እግሩን ወደ ሰው አይዘረጋም፤ የሰው ራስ አይነካም። ሁለት መዳፎቹን አጋጥሞ «ዋይ» በሚባለው ሰላምታ እጅ ይነሣል። በእኛ አቆጣጠር ጠዋት በ2 ሰዓትና ማታ በ12 ሰዓት ብሔራዊ መዝሙር በአደባባይ ሲሰማ ከሕዝቡ ጋር ቀጥ ብሎ ይቆማል። ይህ ሁሉ መልካም ነው።

በዚያው ቤት ግን ሁለተኛ እንግዳ አለች። ከማድ ቤቱ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል የምታድረው፣ ከምያንማር የመጣች የቤት ሠራተኛ ናት። ለእርሷም ቋንቋው የአፍ መፍቻዋ አይደለም፤ እርሷም ያለ ፈቃድ መሥራት አይቻላትም፤ እርሷም አገሯን ትናፍቃለች። ልዩነቱ እመቤቲቱ ከልጆቿ ጋር ስታድር፣ እርሷ የራሷን ልጆች ለአያታቸው ትታ የሰው ልጆች ማሳደጓ ነው።

«ተስማምታ ነው የገባችው፤ በአገሯ ከምታገኘው የበለጠ ይከፈላታል፤ ታዲያ ምን ጎደለ?» የሚል ይኖራል። አነጋገሩ ከፊሉ እውነት ነው። ደመወዝን በወቅቱ መክፈል ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ደመወዝ የሚገዛው ሥራን እንጂ ሰውን አይደለም። ሌላው ደግሞ «እርሷ እኮ እንደ ቤተሰባችን ናት» ይላል። ንግግሩ ያማረ ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን የዕረፍት ቀን የሚቀማው በዚሁ ንግግር ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በታይላንድ የወጣ ደንብ ለቤት ሠራተኛ በሳምንት ቢያንስ አንድ የዕረፍት ቀን እንዲሰጥ ያዛል። ይህን በሕግ ማዘዝ ያስፈለገው የአሠሪዎች ደግነት ብቻውን ስላልበቃ ነው። «ቤተሰብ ነሽ» የተባለች ሴት እሑድ ወጥታ ከአገሯ ልጆች ጋር መጫወት ካልቻለች፣ ቤተሰብነቷ ለመታዘዝ ብቻ ነው ማለት ነው።

ልጆቹስ ምን ይማራሉ? ታይላንዳውያን በዕድሜ የሚበልጣቸውን ሰው «ፒ» ብለው ይጠሩታል፤ እንደ እኛ «ጋሼ» እና «እትዬ» መሆኑ ነው። ልጆቹም ሠራተኛዋን «ፒ» ማለት ይለምዳሉ። ነገር ግን ውኃው እፊታቸው ተቀምጦ ሳለ እርሷን ከማድ ቤት ጠርተው «ቅጂልን» የሚሉ ከሆነ አክብሮቱ ከአፍ አላለፈም።

እንግዲህ የጥያቄው መልስ ከዚህ ላይ የሚገኝ ይመስለኛል። ለባለ አገሩ ጫማ ማውለቅ አይከብድም፤ እርሱ ያየናል፤ ካልወደደንም ሊያስወጣን ይችላል። የሰው ግብረ ገብነት የሚፈተነው ግን ምንም ሊያደርገን በማይችል ሰው ፊት ነው። እንግድነትን ቀምሶ የሚያውቅ ሰው የሌላውን እንግድነት ካላየ፣ ያ ሁሉ የተማረው ወግ ፍርሃት እንጂ ትሕትና አልነበረም።

ወጣቶች ሆይ፣ በሩቅ ሰዎች ላይ ለመፍረድ ግን አንቸኩል። ወደ ቤይሩት፣ ወደ ሪያድና ወደ ዱባይ ለቤት ሥራ የሄዱት እኅቶቻችን በደል ሲደርስባቸው ስንሰማ እንቆጫለን፤ ቁጭታችንም ተገቢ ነው። ነገር ግን በገዛ ቤታችን ከገጠር የመጣችው ልጅ የት ነው የምትተኛው? የምትበላውስ ከእኛ ጋር ነው ወይስ እኛ ከተነሣን በኋላ? የማታ ትምህርት ለመማር ብትፈልግ ማን ይፈቅድላታል? ስሟን ከነአባቷ ስም የምናውቅስ ስንቶቻችን ነን?

ዛሬ እሑድ ነው። እኛ ታጥበንና ለብሰን ወደዚህ ስንመጣ ምሳ ለመሥራት ከቤት የቀረችው ማን ናት? በሚመጣው እሑድ ምሳውን እኛ ሠርተን እርሷ ወደ ወደደችበት ትሂድ። ከዚያ በኋላ ስለ እንግዳ አክባሪነታችን ብንናገር ያምርብናል።