ወንጀለኛ የሌለው መለያየት

አማርኛችን ወዳጅን «ባልንጀራ» ሲል ወዳጅነትን ከልብ አስቀድሞ በገበታ ላይ መሥርቶታል፤ ቃሉ ሲተነተን ባለ እንጀራ፥ ይኸውም ከአንድ መሶብ አብሮ የቆረሰ ማለት ነውና። እንግዲህ መሶቡ ከተነሣ፥ አብሮ የቆረሰው ተማሪም ወደየዕድሉ ከተበተነ ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በኋላ፥ ዛሬም ባልንጀሮቼ የምንላቸው እነዚያ ሰዎች በምን ባልንጀሮቻችን ይሆናሉ?

ይህን ጥያቄ በጨዋታ መልክ ከመረመሩት መጻሕፍት ለእኔ ቀዳሚው፥ እንግሊዛዊቱ ደራሲ ዶሮቲ ሴየርስ እ.ኤ.አ. በ1935 ያሳተመችው «ጎዲ ናይት» የተባለው የምሥጢር ልብ ወለድ ነው። «ጎዲ» የኦክስፎርድ ኮሌጆች የቀድሞ ተማሪዎቻቸውን ጠርተው ግብር የሚያበሉበት በዓል ሲሆን፥ የስሙም ሥር ደስታ ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ነው። ደራሲዋ ራሷ በዚያው ከተማ በሶመርቪል ኮሌጅ ተምራ፥ በ1915 በአንደኛ ማዕርግ ፈጽማ ሳለ፥ ዩኒቨርሲቲው ለሴቶች ዲግሪ መስጠት የጀመረው በ1920 በመሆኑ አምስት ዓመት ደጅ የጠናች ናትና፥ የአንድ ቤት ልጅ መሆንና አለመሆን ምን እንደ ሆነ ከሌላ ሰው አፍ የሰማችው ነገር አልነበረም።

የታሪኩ ባለቤት ሐሪየት ቬን፥ አብሯት የኖረውን ሰው በመርዝ ገድላለች ተብላ ተከስሳ በነጻ የተለቀቀች ደራሲ ስለ ሆነች፥ ወደ ቀድሞ ኮሌጇ ለመመለስ ታፍራለች፤ ነገር ግን የድሮ ጓደኛዋ ስለ ለመነቻት ትሄዳለች። እዚያም ስትደርስ የምትፈራው ስድብ ሳይሆን ያላሰበችው ነገር ይገጥማታል፤ ይኸውም ያችን በልጅነቷ የወደደቻትን ጓደኛ ስታነጋግራት መሰልቸቷ ነው። በትምህርት ከሁሉ ትበልጥ የነበረችውንም ሌላይቱን፥ ገበሬ አግብታ በሥራ ብዛት ደክማ ታገኛታለች። ከዚህ በኋላ ስሙን የሸሸገ ሰው የስድብ ወረቀት መበተንና ንብረት ማበላሸት ይጀምራል፤ የመጽሐፉም ጭንቀት ሁሉ ይህን ሰው ፈልጎ በማግኘት ላይ ይሆናል። በዚያ ሁሉ ገጽ አንድም የነፍስ ግድያ አይፈጸምም፤ የደም ጥማት ያለው አንባቢ ቢቀየም እኔ አልፈርድበትም።

እኔን የሚገርመኝ ግን ደራሲዋ ሁለት ምሥጢር አቅርባ አንዱን ብቻ መፍታቷ ነው። ወረቀቱን የበተነው እጅ በመጨረሻው ይያዛል፥ ምክንያቱም ይገለጣል፤ ስሙን እዚህ ብጽፈው ግፍ ይሆንብኛል። የሁለቱን ጓደኛሞች ፍቅር ያጠፋው እጅ ግን የማን ነው? ማንም አይጠይቅም፤ ቢጠየቅም የሚያዝ ሰው የለም። የዚህ ዓይነት ልብ ወለድ ደስ የሚያሰኘን፥ እንደምገምተው፥ መለያየታችንን ሁሉ አንድ ሰው የሠራው በደል አስመስሎ ስለሚያሳየን ነው፤ ኅሊናችን ባለቤት ከሌለው ጥፋት ይልቅ ባለቤት ያለውን ኃጢአት ይመርጣልና።

ይህን ያወቅሁት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። ሃያ ዓመት ያላየሁትን አብሮ አደጌን በአንድ ለቅሶ ቤት አግኝቼው ተሳሳምን፥ ጤናና ልጆች ተጠያየቅን፤ ከሦስተኛው ጥያቄ በኋላ ግን ሁለታችንም ዝም ብለን የፊታችንን ጉልቻ ማየት ጀመርን። ያን ጊዜ መጽሐፌን ሰርቆኝ ወይም በስሜ ዋሽቶብኝ ቢሆን ኖሮ ብዬ ተመኘሁ። የአገራችን ሥርዓት ለበደል መድኃኒት አላጣምና፤ ሽማግሌ ይቀመጣል፥ በዳይ ይክሳል፥ ተበዳይ ይቅር ይላል፥ ጉልበት ተስሞ ነገር ያልቃል። ያልተጣሉትን ሰዎች ግን የትኛው ሽማግሌ ያስታርቃቸዋል? ካሣውንስ ማን ለማን ይከፍላል?

አርስጣጣሊስ በሥነ ምግባር መጽሐፉ በዘጠነኛው ክፍል ይህንኑ አንሥቶ፥ አንዱ በአእምሮ ሕፃን ሆኖ ሲቀር ሌላው ቢጎለምስ ወዳጅነታቸው እንደማይጸና ካስረዳ በኋላ፥ ስለ ቀድሞው ቅርበት ግን ያ ወዳጅ ከባዕድ ይልቅ አንዳች ነገር ይገባዋል ይላል። ያ «አንዳች ነገር» ስንት እንደ ሆነ አልሰፈረውም፤ እኔም ፈላስፋውን ስለዚህ አልነቅፈውም። ሐሪየት ወደዚያ በዓል የሄደችው ይህንኑ ያልተሰፈረ ዕዳ ለመክፈል ይመስለኛል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ ይህ መጽሐፍ ከእጅህ ቢገባ፥ ስድቡ እስኪጀመር ቸኩለህ የበዓሉን ምዕራፎች እንዳትዘላቸው እለምንሃለሁ።