ቶሎ የሚያልቅ ብርድ ልብስና የስጦታ ልክ

አሜሪካውያን «አፍጋን» የሚሉት በኪሮሽ የተሠራ ብርድ ልብስ ሶፋ ላይ ተጣጥፎ ይቀመጣል፤ ለታመመ፣ ለአራስ ወይም ሐዘን ለደረሰበት ሰውም ይሰጣል። በተለመደው 5 ሚሊ ሜትር ኪሮሽ የትርፍ ጊዜ ሥራ ከሆነ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ከ10 ሚሊ ሜትር በላይ በሆነ ኪሮሽና በወፍራም ክር፣ ወይም ሁለት ሦስት ክር በአንድነት ተይዞ ሲሠራ ግን በጥቂት ቀናት ያልቃል። ነገሩ የሒሳብ ጉዳይ ነው። በ10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 12 የክር ቀለበትና 12 ረድፍ ከገባ፣ 120 በ150 ሴንቲ ሜትር የሆነ ብርድ ልብስ 25,920 ቀለበት ይጠይቃል። ቀለበቱ በወርድም በቁመትም እጥፍ ቢሆን ቁጥሩ ወደ ሩብ፣ ማለትም ወደ 6,480 ይወርዳል።

ከዚህ ፍጥነት የሚነሣው ጥያቄ የሥነ ምግባር ጥያቄ ነው፦ በእጅ የተሠራ ስጦታ ክብሩን የሚያገኘው ከፈሰሰበት ጊዜ ነውን? ብዙ ሰው ሳያመነታ «አዎ» ይላል። ኢትዮጵያ ውስጥም የጠረጴዛ ዳንቴል ሲደነቅ «ስንት ጊዜ ፈጀ?» የሚል ጥያቄ ሳይነሣ አይቀርም። በወፍራም ኪሮሽ የሠራ ሰው በዚህ ልክ ከተመዘነ እንዳጭበረበረ ሊቆጠር ነው።

ይህ ልክ የመጣው ከገበያ ይመስላል። በ1840ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አየርላንድ በረሀብ ስትመታ መነኮሳይያት ሴቶችንና ልጃገረዶችን በቀጭን ኪሮሽ ዳንቴል መሥራት አስተማሩ፤ ሥራው ለባለጠጎች እየተሸጠ ቤተሰብ መገበ። እዚያ ዋጋው ከቅጥነቱና ከድካሙ ጋር የተያያዘ ነበር። ነገር ግን ገበያ ራሱ ለዘገየ ሰው አይከፍልም። ካርል ማርክስ በ1867 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው «ካፒታል» የዕቃን ዋጋ ከሥራ ጊዜ ጋር ሲያያይዝ፣ የቆጠረው በኅብረተሰቡ ዘንድ በአማካይ የሚያስፈልገውን ጊዜ እንጂ አንድ ሰው በስንፍና ያባከነውን አይደለም። ሌላም የሚዘነጋ ነገር አለ። እውነተኛ የኪሮሽ ሥራን በብዛት የሚያመርት ማሽን በፋብሪካ የተለመደ አይደለም፤ ስለዚህ በሱቅ በርካሽ የሚሸጠውም እውነተኛ የኪሮሽ ዕቃ በአንዲት ሠራተኛ እጅ ያለፈ ነው። የእሷን ሰዓት ግን ማንም አይጠይቅም። ጊዜ በራሱ የሚያከብር ቢሆን ኖሮ ያ ዕቃ እንዲህ ባልተናቀ ነበር።

ስጦታ ወደ ሌላ መለኪያ ይወስዳል። የሮማው ፈላስፋ ሴኔካ ስለ በጎ ውለታ በጻፋቸው ሰባት መጻሕፍት፣ ውለታው በሰጪው ፈቃድ እንጂ በዕቃው እንደማይገኝ፣ የዘገየ ስጦታም ክብሩ እንደሚቀንስ ይሟገታል። በወንጌለ ማርቆስ ምዕራፍ 12 ያለችው መበለት የተመሰገነችው ከጉድለቷ ስለ ሰጠች ነው፤ እዚያ የሚመዘነው ሰጪው ያጣው ነገር ነው። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 የኢዮጴዋ ጣቢታ ስትሞት ደግሞ መበለቶቹ የሚያሳዩት የሠራችላቸውን ልብስ ነው። ስንት ቀን እንደ ፈጀባት ታሪኩ አይናገርም፤ እነሱን ማልበሷ ይበቃል። እንግዲህ አንዱ ልክ የሰጪውን መሥዋዕትነት፣ ሌላው የተቀባዩን ችግር ያያል፤ ረጅም ጊዜ የፈጀ ሥራ ሲደነቅ ሁለቱ እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ወፍራሙ ኪሮሽ ይለያያቸዋል፦ መሥዋዕትነቱ ይቀንሳል፣ ሙቀቱ ግን ይደርሳል።

ብርቱው ተቃውሞ የሚመጣው ከጸሎት ወገን ነው። በ1998 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ኮነቲከት ግዛት ጃኔት ብሪስቶና ቪክቶሪያ ጋሎ የጸሎት ሻርፕ አገልግሎት ጀመሩ። ሁለቱም በሃርትፎርድ ሴሚናሪ የሴቶች አመራር ትምህርት የተከታተሉ ነበሩ። ሻርፑን የሚሠራው ሰው እጁ ሲሠራ ለተቀባዩ ይጸልያል። ታዲያ ቀለበቱ ወደ ሩብ ሲወርድ ጸሎቱስ? ጥያቄው ቀልድ ቢመስልም መልስ ይገባዋል። በመቁጠሪያ 41 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» የሚል ምእመን ቁጥሩን የሚይዘው ሐሳቡ እንዳይበተን ነው፤ 41 ከ40 በአንድ ስለሚከብድ አይደለም። ከዚህም በላይ፣ ውስብስብ ንድፍ ያለው ቀጭን ዳንቴል ቆጠራ ስለሚበዛው ሙሉ ልብን ይይዛል፤ አንድ ዓይነት ረድፍ የሚደጋገምበት ወፍራም ሥራ ግን ልብን ነጻ ይተዋል። የግብፅ በረሓ መነኮሳት የዘንባባ ቅጠል እየጎነጎኑ ይጸልዩ የነበረው እጅ ከለመደው በኋላ አእምሮን የማይሻማ ሥራ ስለሆነ ነው። እርግጥ ነው፣ ነጻ የሆነ ልብ ወደ ጸሎት ብቻ ሳይሆን ወደ ቴሌቪዥንም ይሄዳል፤ ይህ ግን የሠሪው ጉዳይ እንጂ የኪሮሹ ጥፋት አይደለም።

በፍጥነት ላይ ሊቀርብ የሚገባው ወቀሳ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ወፍራም ክር ብዙ ሱፍ ይፈጃል፣ ሲታጠብ ይከብዳል፤ ሰፊው ቀለበት በቀላሉ ይጠለፋል፣ ነፋስም ያስገባል። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን ትንንሽ ጣቶች በክፍተቱ ሊያዙ ይችላሉ፤ ክንዱ የደከመ አዛውንትም ከባዱን ብርድ ልብስ ራሱ ላይ ለመሳብ ይቸገራል። ለእነዚህ ቀጭን ኪሮሽና ጥብቅ ረድፍ ያስፈልጋል፤ ሠሪው በዝግታ የሚሠራበትም ምክንያት የተቀባዩ ገላ እንጂ የራሱ ድካም አይሆንም። ቤቱ ተቃጥሎበት ብርድ ላይ ላደረ ቤተሰብ ግን ከወራት በኋላ ከሚደርስ ዳንቴል ይልቅ በሳምንቱ መጨረሻ የሚያልቀው ወፍራም ብርድ ልብስ ይመረጣል።